«አይመራም» ወይስ «አይምርም»? ሂዳያን፣ ቀደርንና የሰውን ምርጫ በአማርኛ ስንጽፍ

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ መስጊድ የጁሙዓ ኹጥባን (የዓርብ ስብከትን) በአማርኛ ጽፈን የምናባዛ ወጣቶች ነን። ባለፈው ጽሑፋችን «አላህ በዳዮችን አይምርም» የሚል ወጥቶ ሽማግሌዎች ተቆጡን። ስህተቱን አሁን አይተነዋል፤ ግን ለምን ደጋግመን እንደምንሳሳት አልገባንም። «ነፃ ምርጫ»፣ «ነፃ ፈቃድ»፣ «ዕጣ ፈንታ» እያልን መጻፋችንስ ልክ ነው?

መልስ፦ ሽማግሌዎቹ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። «አላህ በዳዮችን አይመራም» ያለው የቁርኣን አንቀጽ በደልን ስለ መረጠ ሰው ሲናገር፣ «አይምርም» ካላችሁ የምሕረትን በር ዘጋችሁ። ቁርኣን «አይምርም» የሚለው በአላህ ላይ ማጋራትን ነው (ምዕራፍ 4፣ አንቀጽ 48)፤ እዚያው አንቀጽ ላይ ደግሞ ከዚያ በታች ያለውን ለሚሻው ሰው ይምራል ይላል። ሁለት ፊደላት አንዱን አንቀጽ በሌላው ተኩባችሁ።

የምትሳሳቱት ሁለቱ ግሦች ሲረቡ መንገድ ስለሚያቋርጡ ነው። «መራ» እንደ «ሰማ» ይረባል፦ ሰማ፣ ይሰማል፣ ይስማ፤ መራ፣ ይመራል፣ ይምራ። «ማረ» እንደ «ሳመ» ነው፦ ሳመ፣ ይስማል፣ ይሳም፤ ማረ፣ ይምራል፣ ይማር። ስለዚህ «ይምራ» ስትሉ የመምራት ነው፤ «ል» ጨምራችሁ «ይምራል» ስትሉ የምሕረት ይሆናል። በተጠራጠራችሁ ቁጥር በቦታው «ሰማ»ን ወይም «ሳመ»ን አስገቡ። «አይሰማም» የሚል ከወጣ «አይመራም» ጻፉ፤ «አይስምም» ከወጣ «አይምርም»። በምርቃትም እንዲሁ ነው፤ መንገድ እንዲያገኝ ለምትመኙለት «አላህ ይምራህ»፣ ይቅርታ ለምትለምኑለት «አላህ ይማርህ»። ኮምፒውተር ሁለቱንም ትክክል ብሎ ስለሚያልፋቸው ጽሑፉን ከመባዛቱ በፊት አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ዓይን የሳተውን ጆሮ ይይዘዋል።

ሂዳያ (መምራት) ራሱ ግን ከፊደል በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዑለሞች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ቢያንስ ሁለት ሂዳያ ይለያሉ። አንዱ መንገዱን ማሳየትና ማስተማር ነው፤ ነቢያትም፣ መጽሐፍም፣ ሰባኪም ያደርጉታል። ሌላው ልብን ወደ መንገዱ ማስገባት ነው፤ ይህ የአላህ ብቻ ነው፣ ተውፊቅም ይባላል። በዐረብኛው ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በሰፊው የሚነበበው የሸይኽ ሷዲቅና የሸይኽ ሳኒ የአማርኛ ትርጉም ግን በሁለት ግሥ ከፍሏቸዋል። ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአሽ-ሹራ 42:52 ወደ ቀጥተኛው መንገድ «ትመራለህ» ይላል። በአል-ቀሶስ 28:56 ደግሞ የወደድከውን ሰው «አታቀናም»፣ አላህ ግን የሚሻውን «ያቀናል» ይላል፤ አንቀጹ የወረደው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ሳያምን በሞተ ጊዜ ነው። በሁለቱም ቦታ «መራ» ብትጽፉ አንባቢ «ትመራለህ ካለ በኋላ አትመራም ይላል እንዴ?» ብሎ ግራ ይጋባል። እኔ ይህን የሁለቱን ሰዎች ምርጫ ከአማርኛ የትርጉም ሥራ ምርጥ ውሳኔዎች አንዱ አድርጌ ነው የማየው፤ እናንተም አትልቀቁት።

«አቀና» የራሱ ጣጣ አለው። «ወደ መርካቶ አቀና» ሲባል ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ተሳቢውን አትጣሉ፤ «አላህ ሰውየውን አቀናው» በሉ። «ይቅናህ» ደግሞ ለሥራ ለሚወጣ ሰው የሚባል የመልካም ምኞት ቃል ስለሆነ ለሂዳያ ዱዓ አይሆንም፤ የሂዳያው «ያቅናህ» ነው። ከከበዳችሁ ሕዝቡ የሚለውን «አላህ ሂዳያ ይስጥህ»፣ «አላህ ይወፍቅህ» ጻፉ፤ ማንም አይደናገርም። ስም ሲያስፈልግ «መመሪያ»ን ተጠንቀቁ። የአዲስ አበባ ሰው «መመሪያ» ሲሰማ የሚታየው ከክፍለ ከተማ የወረደ ወረቀት ነው፤ ለትእዛዝና ለክልከላ ይሆናል፣ ለልብ መቅናት ግን ይጠብባል።

ወደ ሰው ድርሻ ስንመጣ «ነፃ ምርጫ»ን ተዉት። ጋዜጣና ሬዲዮ ለድምፅ መስጫው ወስደውታል፤ አንባቢ ኮሮጆ ነው የሚታየው። «የመምረጥ ነፃነት» ወይም «የሰው ምርጫ» ይበቃል። «ነፃ ፈቃድ» ስህተት ባይሆንም «ፈቃድ» ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ መሻትም ነው፣ «ይቻላል» ብሎ መፍቀድም ነው። ትልቁ አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው። «አላህ ፈቅዶ ሰረቀ» ብትሉ፣ ከመሻቱ ውጭ ምንም አይሆንም ለማለት አስባችሁ ይሆናል፤ አንባቢ የሚረዳው ግን «ተፈቀደለት»፣ ሐላል ሆነለት ብሎ ነው። ዑለሞች የሚሆነውን ሁሉ የሚያካትተውን መሻት (ኢራደቱ ከውኒያ) አላህ ከሚወደውና ከሚያዘው (ኢራደቱ ሸርዒያ) የለዩት ለዚህ ነው። ያለ እርሱ መሻት ክህደት አይኖርም፤ ሆኖም ለባሮቹ ክህደትን አይወድም (39:7)። አማርኛ ሦስት ግሥ አለላችሁ፤ ለመሻት «ሻ»፣ ለሕግ «ፈቀደ»፣ ለውዴታ «ወደደ»። አትቀላቅሏቸው። «ሻ» ለሰውም ያገለግላል፦ የሻ ይመን፣ የሻም ይካድ (18:29)፤ አላህ ካልሻ ግን አትሹም (81:29)። ሁለቱን በአንድ ግሥ ከጻፋችሁ የሰው መሻት እንዳለ፣ ግን ከአላህ መሻት በታች እንደሆነ ያለ ሐተታ ይታያል።

ለቀደር «ዕጣ ፈንታ» አትበሉ። ዕጣ በዕቁብም በኮንዶሚኒየምም የሚወጣ፣ ማንን እንደሚያገኝ የማያውቅ ነገር ነው። ቀደር ግን ዕውቀት፣ መጻፍ፣ መሻትና መፍጠር የሚባሉ አራት ደረጃዎች አሉት፤ የመጀመሪያው ዕውቀት ነው። «ዕድል»ም ወደ አጋጣሚ ያደላል። ቀደርን እንዳለ ጻፉና አንድ ጊዜ «የአላህ ልክና ውሳኔ» ብላችሁ ፍቱት፤ «ሁሉን ነገር በልክ ፈጠርነው» (54:49) ከሚለው ጋር ይገጥማል።

«ተጽፎብኝ ነው» የሚለውስ? አማርኛ ከግሡ ላይ «-ብኝ» ሲቀጥል ጉዳት፣ «-ልኝ» ሲቀጥል ጥቅም ይናገራል። ለሞተበት፣ ለከሰረ፣ ለታመመ ሰው «ተጽፎብኝ» ማለት ሐዘን ነው፤ ይሁን። ኃጢአት የሠራ ሰው ሲለው ግን ራሱን ተበዳይ አደረገ። ዑለሞች ቀደር ለደረሰ መከራ መጽናኛ እንጂ ለተሠራ ጥፋት ማመካኛ አይሆንም ይላሉ። እናንተ ስትጽፉ ጥፋት ባለበት ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ሰው ይሁን፤ «ሰረቀ»፣ «ዋሸ»፣ «ተወ» በሉ፤ «ተጻፈበት» አትበሉ። ሰሐቦችም (የነቢዩ ባልደረቦች) እንዲህ ይናገሩ ነበር። ኸሊፋው ዑመር ወደ ሻም (ሶሪያና አካባቢዋ) ሲጓዙ፣ ሰርግ በተባለ ቦታ ሳሉ ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሊመለሱ ሲሉ፣ የጦር አዛዡ አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ቀደር ሽሽት ነው?» አሏቸው። ዑመር «አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን» ብለው መለሱ። ቀጥለውም፦ ግመሎች ይዘህ አንዱ ዳርቻው ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ከሆነ ሸለቆ ብትወርድ፣ በለምለሙ ብታሰማራ በአላህ ቀደር፣ በደረቁም ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለምን? አሉ። ግሦቹን ተመልከቱ፦ «እንሸሻለን»፣ «ብትወርድ»፣ «ብታሰማራ»። ቀደር በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አለ፤ የሚሸሸውና የሚያሰማራው ግን ሰው ነው። የሚቀጥለውን ኹጥባ ስታርሙ «ቀደር» የሚል ቃል ባገኛችሁ ቁጥር በዚያው ዓረፍተ ነገር የግሡ ባለቤት ማን እንደሆነ በእርሳስ አስምሩበት።