የቀረውን ቁጠሩ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ፎቶ ላከችልኝ። ጀልባው እስከ አፍ ገደፉ፣ ሐይቅ በሚያበላሸው በካርፕ ዓሣ ተሞልቷል። ሁለት ጎረምሶች እስከ ጉልበታቸው ዓሣ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። ከሥሩ «በአንድ ቀን ሦስት ቶን!» ብላ ጽፋለች። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ጎበዞች!» ብዬ መለስኩላት። ከልቤ ነው። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እንዲህ ያለ ፎቶ እኔም አለኝ። ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ጥልቀት የሌለው አንድ ሐይቅ ከካርፕ አጽዱ ተባልን። ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ብትከቱት ጣታችሁ አይታይም። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው አፉን ጭቃ ውስጥ ሰክቶ ነው። ጭቃውን ይመጠምጠዋል፣ ትሉን ያስቀራል፣ የቀረውን ይተፋዋል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ይውላል። ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል። ጭቃው ውስጥ ተኝቶ የነበረው ፎስፈረስ ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም ይህን ነው የሚጠብቀው።

ወራት ሙሉ መረብ ጎተትን። ትልልቁን ሁሉ አወጣን። አለቆች መጡ፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶው ያኔ ተነሳ። በቀጣዩ ዓመት ውሃው ጠራ። በሦስተኛው ዓመት ግን ዳር ዳሩን ትንሽ መረብ ስጎትት ጣት የሚያክሉ ካርፖች በመቶዎች ወጡ። ሌላ ዓሣ አልነበረም። ካርፕ ብቻ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ያን ቀን ገባኝ።

ሥራ ስንጀምር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ «እዚያ ረግረጉ ውስጥ ሙቀት ሲጀምር ሌሊት ሌሊት ውሃው ይንቦጫረቃል» ብለውኝ ነበር። ሰምቻቸዋለሁ፣ አላዳመጥኳቸውም። ቅጼ ላይ ለእንዲህ ዓይነት ወሬ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ቅጹ የሚጠይቀው ኪሎ ነው።

በኋላ ሄጄ አየሁት። ከሐይቁ ጋር በአንዲት ጠባብ ቦይ የተገናኘ፣ ውሃው ከጉልበት የማያልፍ ረግረግ ነው። በየጊዜው ኦክስጅን ያልቅበታል፣ ወይም ይደርቃል። ስለዚህ እንቁላልና ጫጩት የሚበላ ሌላ ዓሣ አይበረክትበትም። ካርፖቹ በቦይዋ ገብተው፣ ጀርባቸው ከውሃ እስኪወጣ ሣሩ ላይ እየተላፉ ይራባሉ። አንዲት ትልቅ ሴት ካርፕ በአንድ ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከዚያ ሁሉ ጥቂት መቶ ቢተርፍ እኛ በወራት ያወጣነውን ይተካል። ይባስ ብሎ ትልልቆቹን ስናወጣ ለቀሩት ምግቡን አተረፍንላቸው። በፍጥነት አደጉ። እኛው ነን የቀለብናቸው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያወጣሁትን መቁጠር ትቻለሁ። የምጠይቀው ስንት ቀረ፣ የቀረውስ የት ይራባል ብዬ ነው።

ይህን ከእኔ ቀድመው የተረዱ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ተመራማሪዎች ነገሩን ከጫጩቱ ጀመሩ። ብሉጊል የሚባለው የአካባቢው ትንሽ ዓሣ በደህና ባለበት ሐይቅ የካርፕ እንቁላል ተበልቶ ያልቃል። ብሉጊል በሌለበት ረግረግ ግን ካርፕ ይፈላል። ስለዚህ አንዱ ሥራ ረግረጉ ውስጥ ኦክስጅን እንዳይጠፋ ማድረግ ሆነ። ሌላው መግቢያውን መዝጋት ነው። ሁሉንም ካርፕ ማጥፋት እንደማያስፈልግም አዩ። በሄክታር ከ100 ኪሎ ገደማ በታች ከወረደ ተክሉ መመለስ ይችላል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። «ጨርሰን እናጥፋ» የሚል ዕቅድ ብዙ ጊዜ በጀት ጨርሶ ነው የሚያርፈው።

ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ እ.ኤ.አ. በ1995 ክሬሰንትና ሶረል በተባሉ ሁለት ሐይቆች ካርፕ ተገኘ። ሰዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት መረብ መጣል አልነበረም። የሐይቆቹን መውጫ በወንፊት ዘጉት፣ ወደ ታች ወንዙ እንዳይወርድ። ከዚያ መራቢያ ዳርቻዎቹን በመረብ አጠሩ። ቀጥሎ የመጣውን ዘዴ በጣም ነው የምወደው። የተያዙ ወንድ ካርፖች ላይ የሬዲዮ ማሰራጫ አድርገው መልሰው ለቀቋቸው። ካርፕ በወቅቱ መሰባሰብ ይወዳል። ማሰራጫ የያዘው ሄዶ ጓደኞቹን ይቀላቀላል፣ ሰዎቹ ምልክቱን ተከትለው ይደርሳሉ። ይሁዳ ዓሣ ይሉታል፤ ስሙን ማብራራት አያስፈልገኝም። ክሬሰንት በ2007 ከካርፕ ነጻ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት! ሶረል ደግሞ ከዚያም እጅግ የረዘመ ጊዜ ወስዷል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንድ ዓሣ ብቻ ተይዞ የተመለሰባቸው ቀኖች ስንት እንደሚሆኑ አስቡት። እንዲህ ያለ ቀን ፎቶ አይነሳም።

ካርፕ ሲባል ደግሞ አንድ ዓሣ እንዳይመስላችሁ። እስካሁን የማወራው ስለ ተራው ካርፕ ነው፤ በአፉ ዳር አራት ጢም ያለው። ሲልቨር ካርፕና ቢግሄድ ካርፕ ጢም የላቸውም፣ ጭቃም አይቆፍሩም። ውሃውን አጣርተው ፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ ተንሳፋፊ ፍጥረታት ይበላሉ፣ ማለትም የሌላውን ዓሣ ጫጩት የመጀመሪያ ቀለብ። በሚሲሲፒና በኢሊኖይ ወንዞች የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከውሃ ተስፈንጥሮ ሰው የሚመታው ሲልቨር ነው። የእነዚህ እንቁላል በሚፈስ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ካልሄደና ደለል ላይ ከተቀመጠ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ ለተራው ካርፕ ረግረግ እንደምንፈልገው፣ ለእነዚህ ረጅም የሚፈስ ወንዝ የት አለ ብለን እንጠይቃለን። ዓሣውን ሳይለዩ ዘዴ መምረጥ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ነው።

አጥርን በተመለከተ ትልቁ ትምህርት ቤት ቺካጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተ ቦይ የሚሲሲፒን ተፋሰስ ከታላላቆቹ ሐይቆች ጋር አገናኝቷል። ዓሣው በዚያ እንዳያልፍ ከ2002 ጀምሮ በውሃው ውስጥ የኤሌክትሪክ አጥር ተዘርግቷል። ይሠራል። ግን ለትንሽ ዓሣ የኤሌክትሪኩ ጉልበት ይቀንሳል፣ በጭነት ጀልባዎች መካከል ተጠልሎ ሊያልፍ የሚችለውም ትንሹ ነው። ይኸው፣ እንደገና ትንሹ! በአውስትራሊያ መሬይ (Murray) በተባለው ወንዝ የሚጠቀሙበት የካርፕ ወጥመድ ግን ያስቀኛል። ካርፕ መንገዱ ሲዘጋበት ይዘላል፤ የአገሬው ዓሣ ግን አይዘልም። ወጥመዱ ይህን ልዩነት ተጠቅሞ ይለያቸዋል። ይህን ያሰበው ሰው ዓሣውን ቁጭ ብሎ አይቶታል።

ስለ መርዝ ብዙ አልልም። ሮቴኖን የተባለው መርዝ ካርፕ መርጦ አይገድልም፣ ስንጥብ ያለውን ሁሉ ነው። ለትንሽ፣ ለተዘጋ ኩሬ ይሆናል። አውስትራሊያ ውስጥ ካርፕን ለመግደል ስለታሰበው የሄርፒስ ቫይረስም አስቸጋሪው ጥያቄ ከገደለ በኋላ ነው። በአንዴ የሚበሰብሰውን ያን ሁሉ ዓሣ ማን ያነሳዋል?

«እንብላው» የሚለውን እደግፋለሁ፣ በከፊል። ኢሊኖይ እ.ኤ.አ. በ2022 ለእነሲልቨርና ቢግሄድ «ኮፒ» የሚል የገበያ ስም አውጥታለች። መልካም ነው፣ ሥጋውም ጥሩ ነው። ግን ገበያ የሚፈልገው ትልቁን ነው። በየዓመቱ ዓሣ የሚጠብቅ ነጋዴ ዓሣው እንዲያልቅ አይጸልይም። ውሉን ስትጽፉ ይህን አስቡ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ዓሣው ወንጀለኛ አይደለም። የዱር ተራ ካርፕ በራሱ አገር ወንዞች ዛሬ ስጋት ላይ ነው። ወደ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1877 የመጣው በመንግሥት የዓሣ ኮሚሽን እጅ ነው፣ ለምግብ ይሆናል ተብሎ። ሲልቨርና ቢግሄድም በ1970ዎቹ የመጡት የኩሬ ውሃ እንዲያጸዱ ነው። ያመጣቸው እንደኛ የተማረ፣ እንደኛ ቅን ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህን ችግር የሚበላ ሌላ ዓሣ እናምጣ» ብሎ ስብሰባ ላይ ሲነሳ እባካችሁ ዝም አትበሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለባልደረባዬ ማታ ደወልኩላት። ፎቶው ቆንጆ እንደሆነ ነገርኳትና መራቢያው የት እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በሰሜን በኩል አንድ ቦይ እንዳለ፣ ባለፈው ዓመት ወንፊት እንደተገጠመበት ነገረችኝ።

«መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

አላስታወሰችም። ወንፊት ደግሞ በሳምንት ውስጥ በቅጠልና በቅርንጫፍ ይደፈናል። ውሃው ከኋላው ይከማችና ከላይ ያልፋል፣ ካርፕም አብሮ። ሙቀቱ እየመጣ ነው። ነገ ጠዋት መረቡን ሳይሆን መንሹን ይዛችሁ ሂዱ አልኳት።