«በወር ሁለት ቀን ብቻ» ስለሚባለው የመረጃ ሥራ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ሲቲዝን ከሆንክ ገና ዓመት አልሞላህም፣ መጋዘን ውስጥ ትሠራለህ፣ ለጦሩ ሰው የሚመለምለው ሪክሩተር ደግሞ «የአሜሪካ ጦር ሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) ግባና 35ኤም የሚባለውን የወታደራዊ መረጃ ሙያ ያዝ፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው» ብሎሃል። ሰላይ ልሆን ነው ወይ፣ ሰው ይደበደባል ወይ፣ ከሥራዬ ጋር ይሄዳል ወይ፣ አገር ቤት ያሉት ዘመዶቼ ችግር ይሆኑብኛል ወይ ነው ያልከው። እኔ በዚሁ ሙያ ስድስት ዓመት ድሪል (የየወሩን ሥልጠና) ወጥቻለሁ። የምችለውን ልንገርህ። የማልችለውን ግን አትጎትጉተኝ፣ የፈረምኩት የምሥጢር ውል ከወጣሁም በኋላ አብሮኝ ነው።

ሰላይ የሚባለውን እርሳው። 35ኤም ከሰው አፍ መረጃ የሚሰበስብ ወታደር ነው። ምርኮኛ ይጠይቃል፣ በፈቃዱ የመጣ ሰው ያናግራል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ይጽፋል የምትለውን አስምርባት። እኔ አንድ ሰዓት ካወራሁ ሦስት ሰዓት እጽፍ ነበር፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ሰውየው ያለውንና እኔ የገመትኩትን ሳልቀላቅል።

ትምህርቱ አሪዞና፣ ፎርት ዋቹካ የሚባል የጦር ሰፈር ውስጥ ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ ምርኮኛ ሆኖ የሚተውን ሰው ያስቀምጡልሃል፣ አስተማሪው ከውጭ ይከታተልሃል። እኔ «ወሬ እንደሆነ አላንስም» ብዬ ነበር የገባሁት። ሰውየው «መኪኖቹ ወደ ድልድዩ ሄዱ» አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ሪፖርቱ በቀይ ተጨማልቆ ተመለሰልኝ። ስንት መኪና? ምን ዓይነት? መቼ? የትኛው ድልድይ? ደግሞስ ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰው ነግሮት? አንዱንም አልጠየቅኩም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባል የለ? ሰው ያልጠየቅከውን ይመልስልህና ጥያቄህ የተመለሰ ይመስልሃል። እዚያ ጆሮህን የሚያሰለጥኑት ለዚህ ነው። ምንጩ፣ ማለትም የነገረህ ሰው፣ ከኤ እስከ ኤፍ፣ የነገረህ ነገር ደግሞ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፣ ለየብቻ። የሚታመን ሰው ተሳስቶ ሊነግርህ ይችላል፣ ውሸታምም አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋል።

መደብደብ የለም። ኢራቅ ውስጥ በአቡ ግሬብ እስር ቤት የአሜሪካ ወታደሮች እስረኞችን ካሰቃዩበት ጉድ በኋላ በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) ይህን የሚከለክል ሕግ ወጣ፣ በ2006 የጦሩ አዲስ መመሪያ ታተመ፣ ቁጥሩ 2-22.3 ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ማንም ያነበዋል። የተፈቀዱት የአጠያየቅ ዘዴዎች እዚያ ተዘርዝረዋል፣ ከእነሱ ውጭ ክልክል ነው። በጄኔቫ ስምምነት የጦር ምርኮኛ እንዲናገር የሚገደደው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። ሌላውን በጨዋታ ነው የምታገኘው። ብዙ ጊዜ ደግሞ በቀጥታ ስትጠይቀው ይነግርሃል። ይሄ እኔንም ገርሞኛል።

ሌላው የማይቀርልህ ሐሜት ነው። ዩኒፎርሜን ያየ አንድ ወዳጄ «እንግዲህ አንተ ባለህበት አናወራም» ብሎ ሲስቅ ግማሹ ከልቡ ነበር። ለእሱም ለሌላውም የምነግረው ይሄንን ነው፦ በ1981 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ 12333 በአሜሪካ ዜጎች ላይ ብቻ ሳይሆን በግሪን ካርድ ነዋሪዎችም ላይ መረጃ መሰብሰብን በጥብቅ ይገድባል። ዕድር ላይ ማን ምን እንዳለ ጦሩ አላከኝም፣ እኔም አልመዘገብኩም።

«በወር ሁለት ቀን» ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉው አይደለም። በዓመት ሁለት ሳምንት ሥልጠና አለ። መጀመሪያ 10 ሳምንት ቤዚክ የሚባለው የጀማሪ ወታደር ሥልጠና፣ ቀጥሎ ዋቹካ ከአራት ወር በላይ፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ከግማሽ ዓመት በላይ ቤትህ የለህም። ግዴታው በጠቅላላ 8 ዓመት ነው፣ ድሪል የማትወጣበት ጊዜም ስምህ መዝገብ ላይ ይቆያል። ጥሪ ከመጣ ዓመት ሙሉ ልትሄድ ትችላለህ። እኔ አንዴ ሄጃለሁ፣ የት እንደሆነ ይለፈን።

ድሪሉ ራሱ? ስልክህን ውጭ ሳጥን ውስጥ ትተህ ትገባለህ፣ ትልቅ ምሥጢር የሚጠብቅህ ይመስልሃል፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ክትባት፣ የጥርስ ምርመራ፣ መኪና ማጽዳትና ኮምፒውተር ላይ የሚሞላ ኮርስ ነው። ሥራውን ወደ ቤት መውሰድ ስለማይቻል ከወር ወር እጅህ ይዝጋል። እኔ ቤት ሆኜ የሬዲዮ ቃለ ምልልስ እየሰማሁ ጋዜጠኛው ሳይጠይቅ ያለፈውን ጥያቄ ማስታወሻ ላይ እጽፍ ነበር። ባለቤቴ አሁንም ትስቅብኛለች።

ብሩ ሀብታም አያደርግህም። ለሁለቱ ቀን የአራት ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ይከፈልሃል። እኔን በእውነት የጠቀመኝ ትራይኬር የሚባለው የጦሩ የጤና ኢንሹራንስ ነው። የሥራህን ነገር ደግሞ በ1994 የወጣ ዩሴራ የሚባል ሕግ ይጠብቅሃል፣ ቀጣሪህ ሥልጠና ጨርሰህ ስትመጣ መልሶ ሊቀበልህ ግድ ነው። የእኔ አለቃ ተቀበለኝ፣ ግን ሌሊት ፈረቃ ወረወረኝ። ኢኤስጂአር የሚባል ቢሮ በነፃ ያደራድራል። እነሱ አንዴ ሲደውሉ የቀን ፈረቃዬ ተመለሰ።

አማርኛህ ይጠቅማል፣ ተፈትነህ ጥሩ ውጤት ካመጣህ ተጨማሪ ክፍያ ልታገኝበት ትችላለህ። አማርኛ ላይ ይመድቡኛል ብለህ ግን አትግባ።

አሁን ዋናው፣ ክሊራንስ፣ ማለትም ምሥጢር እንድታይ የሚሰጥህ ፈቃድ። ቅጹ ኤስኤፍ-86 ይባላል። የአሥር ዓመት አድራሻህን፣ ሥራህን፣ ውጭ አገር ያሉ የቅርብ ዘመዶችህንና በቅርበት የምትገናኛቸውን ሰዎች ይጠይቃል። ለውጭ ዜጋ ገንዘብ ረድተህ ታውቃለህ ወይ የሚልም አለ። በየወሩ ለእናቴ የምልከው ብር እዚያ ገባ። እናቴን የልደት ቀኗን ስጠይቃት «በጥምቀት ሰሞን ነው» አለችኝ፣ ዓመቱ ላይ ከአክስቴ ጋር ተጣሉ። ቅጹ ላይ «ግምት» የምትል ሳጥን አለች፣ ባርካት። መርማሪው አንድ ከሰዓት ሙሉ «እናትህ፣ አንተና ሚስትህ ለምን የቤተሰብ ስማችሁ ይለያያል?» ሲለኝ ነበር። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፣ የአባት ስም ነው፣ ሴት ስታገባም አይለወጥም አልኩት። ጻፈ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ጠየቀኝ። ዘዴውን ያወቅኩት በኋላ ዋቹካ ስማር ነው፣ መልሱ ይለወጥ እንደሆነ እያየ ነበር።

የእኔ አሥራ አራት ወር ፈጀ። ዘመድ አገር ቤት መኖሩ ብቻውን አይጥልህም። አብሮኝ የጀመረ ልጅ የወደቀው ወንድሙን ሳይጽፍ ቀርቶ ነው። ወንድሙ ምንም ያደረገው ነገር የለም፣ ልጁ ነገር ላለማብዛት ብሎ ነበር የተወው።

ካለፍክም በኋላ ከአገር መውጣትህን ማሳወቅ አለብህ። አባቴ ያረፈ ሌሊት ትኬት እየቆረጥኩ፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ ለዩኒታችን የደህንነት ኃላፊ ደውዬ የበረራ ቁጥር አስመዘግብ ነበር። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አጽናናኝ፣ ከዚያ «የመልሱንስ?» አለኝ።

ሪክሩተሩ ጋ ሙያው 35ኤም ተብሎ ኮንትራቱ ላይ ካልተጻፈ አትፈርም። «በኋላ ይስተካከላል» ካለህ ተነስና ውጣ። ልትገባበት ከወሰንክ ደግሞ ዛሬ ማታ እናትህ ጋ ደውልና የወንድም እህቶችህን የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፍ ጀምር። እኔ እነዚህን ቀኖች ብቻ አጣርቼ ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።