ለወርኪንግ ሆሊደይ ቪዛ የተጠየቅሁትን ቀብድ ልክፈል?

ጥያቄ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የ24 ዓመት ወጣት ስሆን በሆቴል አስተዳደር በዲግሪ ተመርቄ ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት ሆቴላችን ያረፈች የእኔው እኩያ የምትመስል ፈረንሳዊት፣ አውስትራሊያ ውስጥ ፍራፍሬ እየለቀመችና ካፌ እየሠራች፣ ባገኘችውም ገንዘብ ሀገሩን እየዞረች እንደኖረች ካጫወተችኝ ወዲህ ነገሩ ከልቤ ሊወጣ አልቻለም። ምኞቴ እዚያው ለመቅረት አይደለም። ዓለምን ዐይቼና ጥቂት ጥሪት ይዤ ተመልሼ፣ በሙያዬ የራሴን ሥራ መጀመር እፈልጋለሁ።

ይህን የሰማ ባልደረባዬ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ባለ ሕንፃ ላይ ቢሮ ከከፈተ ሰው ጋር አገናኘኝ። ሰውየው «የወርኪንግ ሆሊደይ ቪዛ በሦስት ወር አወጣልሻለሁ፤ ሥራውም እዚያ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል» ብሎ 300 ሺህ ብር የጠየቀኝ ሲሆን፣ ግማሹን በቀብድ እንድከፍል፣ የባንክ ስቴትመንቱን ደግሞ እርሱ ራሱ እንደሚያዘጋጅልኝ ነግሮኛል። ፓስፖርቴንም ለምዝገባ ያስፈልጋል ብሎ ተቀብሎኛል። እናቴ በሚቀጥለው ወር እቁቧ ስለሚወጣላት ገንዘቡን ልትሰጠኝ ፈቅዳለች፤ አጎቴ ግን ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው አይታመንም እያለ ይከራከራል። ከፍዬ ዕድሌን ልሞክር ወይስ ልተወው? ሌላስ መንገድ ይኖር ይሆን?

ግራ የተጋባሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ውድ ልጄ፣

ቀብዱን አትክፈዪ፤ የእናትሽም የእቁብ ገንዘብ ከእጇ አይውጣ። አጎትሽ የጠረጠሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ደረሰኝ ቢሰጥሽም እንኳ መልሴ ይኸው ይሆን ነበር።

ወርኪንግ ሆሊደይ የሚባለው ቪዛ ሁለት መንግሥታት አንዱ የሌላውን ወጣቶች ለተወሰነ ጊዜ እየሠሩ ሀገር እንዲያዩ ለመቀበል በሚያደርጉት ስምምነት ላይ የቆመ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1975 ስትጀምረው ከብሪታንያና ከካናዳ ወጣቶች ጋር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጃፓን፣ ፈረንሳይና ሌሎች በርካታ ሀገሮች ተጨምረውበታል። ስለዚህ አመልካቹ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ትምህርቱ ወይም ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ የያዘው ፓስፖርት የየትኛው ሀገር እንደሆነ ነው። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ስምምነት ከአውስትራሊያም ሆነ ከኒውዚላንድ፣ ከካናዳም ሆነ ከብሪታንያ ጋር የላትም፤ በአውስትራሊያው ዝርዝር ውስጥ እንዲያውም አንድም የአፍሪካ ሀገር አይገኝም። እንግዳሽ የነገረችሽ እውነት ነው፤ የሄደችው ግን በፈረንሳይ ፓስፖርት ነው። ይህን ስጽፍልሽ ቅር ይለኛል፤ ምክንያቱም አንቺ የምትመኚው እርሷ ካደረገችው የተለየ አይደለም፣ ችሎታሽም ከእርሷ አያንስም። ይሁን እንጂ መንግሥታት ያልተዋዋሉትን ውል አንድ ደላላ በ300 ሺህ ብር ሊያመጣልሽ አይችልም።

የሰውየውን አነጋገር ደግሞ ልብ ብለሽ መርምሪው። ሥራው ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል ብሎሻል። በዚህ ቪዛ የሚሄድ ወጣት ግን ቀድሞ ቀጣሪ እንዲኖረው አይጠየቅም፤ ሥራውን እዚያው ደርሶ ይፈልጋል፣ አውስትራሊያ ውስጥ ለአንድ ቀጣሪ ከ6 ወር በላይ እንዲሠራም በአብዛኛው አይፈቀድለትም። ማመልከቻውን ራሱ በኢንተርኔት ይሞላል፤ መነሻ የሚሆነውን 5 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ያህልም ከራሱ ሒሳብ ያሳያል። የተባለው ነገር ወርኪንግ ሆሊደይ ሳይሆን እውነተኛ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ነው ቢልሽ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ያስፈልገዋል፤ የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ጉዞውንም ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። በየትኛውም በኩል ብናየው አንቺን ይህን ያህል ብር የሚያስከፍል ምክንያት አላገኘሁም።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ስቴትመንቱን አዘጋጅልሻለሁ ያለው ነው። የሐሰት ሰነድ በስምሽ ሲገባ፣ የሚመዘገበው የአንቺ ስምና የአንቺ አሻራ እንጂ የእርሱ አይደለም። አውስትራሊያ የሐሰት ሰነድ ያቀረበን አመልካች ለ3 ዓመት ቪዛ ልትከለክለው ትችላለች፤ ካናዳ ለ5 ዓመት ታግዳለች፤ ብሪታንያ ውስጥ ቅጣቱ 10 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ገንዘብ ቢጠፋ በሥራ ይተካል። በ24 ዓመትሽ በአጭበርባሪነት ብትመዘገቢ ግን፣ ነገ በትክክለኛ መንገድ በምታቀርቢው ማመልከቻ ሁሉ ትጠየቂበታለሽ። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ከአጎትሽ ጋር ሄደሽ ፓስፖርትሽን ተቀበዪ። ካንገራገረ አትከራከሪው፤ በአቅራቢያው ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አመልክቺ።

ሌላ መንገድ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። ካሰብሽው ጋር ቅርበት ያለው የጀርመን ኦ ፔር ነው። ከ18 ዓመት በላይ የሆነና 27 ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ መሠረታዊ የጀርመንኛ ችሎታ ማለትም ኤ1 ካለው፣ እስከ አንድ ዓመት ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ልጆች በመጠበቅና በቀላል የቤት ሥራ ያግዛል። ሥራው በሳምንት ከ30 ሰዓት አይበልጥም፤ ቤተሰቡም መኝታና ምግብ ከመስጠቱ በላይ ኢንሹራንሱን ይከፍላል፣ በወር ቢያንስ 280 ዩሮ የኪስ ገንዘብም ይሰጣል። የአውሮፕላን ትኬቱን በአብዛኛው ራስሽ ትከፍያለሽ። ጥሪት የሚያስይዝ ገቢ አይደለም፤ ሀገር ለማየትና ቋንቋ ለመልመድ ግን ይበቃል። ዲግሪ ስላለሽ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ጀርመን የምትሰጠው ሥራ የመፈለጊያ ካርድም ይመለከትሻል፤ ዳሩ ግን ለአንድ ዓመት መተዳደሪያ በየወሩ ከ1,000 ዩሮ በላይ እንዳለሽ ማሳየት ስላለብሽ፣ ለጊዜው ከአቅምሽ በላይ ይመስለኛል።

ለሁለቱም ቋንቋው ይጠቅምሻል። ከአራት ኪሎ ትንሽ ከፍ ብለሽ ስድስት ኪሎ ያለው የጎተ ተቋም የጀርመንኛ ትምህርትና ፈተና ይሰጣል፤ ከሥራ ፈረቃሽ ጋር የሚስማማውን ሰዓት ሄደሽ ጠይቂ። እናትሽ መርዳት ከፈለጉ ከእቁቡ ላይ የአንድ ደረጃ የትምህርት ክፍያ ይስጡሽ፤ የቀረው በስማቸው ይቀመጥ። ቤተሰብ ስታገኚ ከወላጆቹና ከልጆቹ ጋር ደጋግመሽ በቪዲዮ ተነጋገሪ፤ የሥራ ሰዓቱ፣ የእረፍት ቀኑና የኪስ ገንዘቡ በውሉ ላይ በግልጽ ሳይጻፍ አትፈርሚ። ረቂቁ ሲደርስሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።