ሸርተቴ ስገባ ለምን እዘገያለሁ? ላለው ቀኝ መስመር ተከላካይ

ጥያቄህን አነበብኩት ወንድሜ። ቀኝ መስመር ተከላካይ ነህ፣ የመስመር አጥቂው ሊያልፍህ ሲል ሸርተቴ ትገባለህ፣ ማለትም መሬት ላይ ተንሸራተህ ኳሷን ልትነጥቅ ትሞክራለህ፤ ወይ ፋውል ይሆንብሃል፣ ወይ ኳሷ አልፋህ መሬት ላይ ትቀራለህ፣ ዳሌህም ተልጦ አላልቅ ብሏል። የሦስቱም ምንጭ አንድ ነው። ሐሳብህ ያለው እግር መዘርጋቱ ላይ ነው፤ ሸርተቴ ግን የሚያምረውም የሚበላሸውም ከመውረድህ በፊት ባሉት ሦስት እርምጃዎች ነው።

አጥቂ ኳስ እየገፋ ሲሮጥ በሁለት ንክኪ መካከል ኳሷ ከእግሩ ትለያለች። መውረድ ያለብህ ልክ ስትለቀው ነው፣ በተለይ ረዘም አድርጎ ሲገፋት። አብዛኛው ልጅ የሚወርደው ግን «አመለጠኝ» ብሎ ሲደነግጥ ነው፤ ያኔ ኳሷ ተመልሳ እግሩ ሥር ገብታለች፣ የምታገኘው ቁርጭምጭሚቱን ነው። ስለዚህ ዓይንህ ኳሷ ላይ ይሁን፤ የትከሻና የወገብ ማታለያውን ተወው። ሦስቱን የመጨረሻ እርምጃዎች አሳጥራቸው፣ ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ ዝቅ በል። ኳሷ ያለችበትን ቦታ አታልም፤ ስትደርስ የምትሆንበትን አልም። ይህም ብዙ ጊዜ ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊት ነው።

አሁን እግርህን እናስተካክል። ወደ ራስህ ጎል እየሮጥክ ስታሳድደው መስመሩ በግራህ ነው፣ አጥቂውም በአንተና በመስመሩ መካከል ነው። ስለዚህ የሚታጠፈው ለእሱ የቀረበው ግራ እግርህ ነው፤ ኳሷን የሚመታው የራቀው ቀኝ እግርህ ነው። ግራ ጉልበትህን አጥፈህ እግርህን ከቀኝ ጉልበትህ ሥር ክተተው፤ የታኬታው ጥርስ መሬት እንዳይቆነጥጥ የቅልጥምህ ውጫዊ ጎን ጠፍጣፋ ሆኖ ይረፍ። በጉልበትህ ወይም በዳሌ አጥንትህ አትውደቅ፤ የሚያርፈው የጭንህ ውጫዊ ጎንና ሥጋ ያለው የመቀመጫህ ክፍል ነው። የሚላጠው ዳሌህ የሚነግርህ ይህንኑ ነው፦ ዘለህ እየወደቅክ ነው። ሸርተቴ ዝላይ የለውም፣ ከሩጫ ዝቅ ማለት ብቻ ነው።

ቀኝ እግርህ ከፊት ዞሮ መጥቶ የጫማው ክር በሚታሰርበት ወይም በውስጥ ጎኑ ኳሷን ወደ መስመሩ ይጥረጋት። ጣቶችህ ወደፊት የተዘረጉ፣ እግርህ ሣሩን የሚልስ ይሁን። ሶሉ ወደ አጥቂው ከዞረና ከፍ ካለ ኳሷን ብታገኝም አደጋ ላይ ነህ። በግማሽ እርምጃ ወደኋላ ከቀረህ ደግሞ የቀረበውን እግር ሰድደህ በጫፍ መንካት ትችላለህ፤ ያ እግር ግን በአጥቂው መንገድ ላይ ስለሚዘረጋ የሚያደናቅፈው እሱ ነው። መጀመሪያ የራቀውን እግር ተማር።

ግራ ክንድህን ክርኑን ቀጥ አድርገህ ከኋላህ አትትከል፤ የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንዲህ ነው። ስትወድቅ በሰውነትህና በመሬት መካከል ሰውነትህን የደገፈ ክንድ ኳስ ቢነካው ብዙ ጊዜ እንደ ጥፋት አይታይም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ከተዘረጋ ግን ይፈረድብሃል። ክሮስ ለመከልከል የሚንሸራተቱ ተከላካዮች ፔናሊቲ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ በተዘረጋው እጃቸው ነው።

አንድ ነገር ልድገምልህ፣ ሜዳ ላይ ስለሚያጨቃጭቅ፦ «ኳሷን ነክቻለሁ» መከላከያ አይደለም። ዳኛው የሚያየው አገባብህን ነው። ጥንቃቄ የጎደለው ከሆነ ፋውል፣ የተጋጣሚን ደህንነት ችላ ያለ ከሆነ ቢጫ፣ ከልክ ያለፈ ኃይል ወይም የተጋጣሚን ደህንነት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ቀይ ነው። ከኋላም ከጎንም ከፊትም ብትገባ ለውጥ የለውም። ኳሷን ከሳትክ በኋላ ሁለተኛውን እግር አዙሮ መቀስ መሥራት ደግሞ ቀይ ካርድ መለመን ነው። ሳትክ? እግርህን ሰብስብ፣ ይለፍ።

የመጨረሻው ሰው ስትሆን፣ ቢጫ ስትይዝ፣ አጥቂው ፊት ለፊት ሲመጣብህ፣ ወይም ጓደኛህ ሊደርስልህ ሲል አትግባ፤ ቆመህ ወደ መስመሩ ግፋው። ወደ ውስጥ ሊቆርጥ የሚችል አጥቂ ላይም እንደዚሁ፤ አንዴ ከወረድክ አቅጣጫ መቀየር የለም። የሚያዋጣው መስመር ላይ ስትሮጡ እና ክሮስ ወይም ሹት ለመዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የአርጀንቲናው ማስኬራኖ የኔዘርላንዱ አጥቂ ሮበን ላይ የገባውን ፈልገህ እይ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ነው፣ 0ለ0 ናቸው፣ ሮበን ሊመታ ነው። ማስኬራኖ እግሩን የዘረጋው ሹቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፣ ኳሷም እግሩን መትታ ወጣች። አርጀንቲና በመለያ ምት አለፈች። እንዲህ ያለውን ሙሉ ዝርግታ ግን ሌላ አማራጭ ለሌለበት ሁኔታ አስቀምጠው፣ ብሽሽት ይጎዳል።

አነሳስህ የሸርተቴው ግማሽ ነው። ኳሷን ከመታህ በኋላ የቀኝ እግርህ ሶል መሬት ይያዝ፣ በፍጥነትህ ተደግፈህ በታጠፈው ግራ ቅልጥምህ ላይ ቀጥ በል። ጀርባህ ላይ ከተኛህ ወይም በሆድህ ከተገለበጥክ ተመትታ የተመለሰችውን ኳስ አታገኛትም።

ልምምዱን እርጥብ ሣር ላይ ጀምር፤ ክረምት ለዚህ ይመቻል። ጠጠር ያለበት ደረቅ ሜዳ ላይ በፍጹም አትማር። ከውስጥ ጠበቅ ያለ ሱሪ፣ ረጅም ካልሲና መጋጫ አድርግ፣ ብሽሽትህንና የጭንህን ኋላ አሙቅ። መጀመሪያ ያለ ኳስ ከእርምጃ ወደ መንሸራተት፣ ቀጥሎ የቆመች ኳስ፣ ከዚያ ጓደኛህ ከጎንህ የሚያንከባልልልህ ኳስ፣ በስተመጨረሻ አጥቂ በግማሽ ፍጥነት። በእያንዳንዱ ጎን ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ቆዳህ ከቆሰለ በፍርሃት ትወድቃለህ፣ ፍርሃት ደግሞ ወደ ዝላይ ይመልስሃል። እርጥብ ሣር ሩቅ ስለሚያንሸራትት ቀደም ብለህ ውረድ፣ ደረቁ ላይ ቀረብ በል። ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ከሆነ አጭር ጥርስ ያለው ጫማ አድርግ፤ ረጅሙ ሲቆነጥጥ ጉልበትህ ይጠመዘዛል።