ተመልሶ የሚዘጋ ማሸጊያ በፓተንት መርማሪ ፊት፦ ጥያቄና መልስ

መርማሪው፦ እንደምን ዋላችሁ። ለረጅም ጊዜ ሥራዬ የማሸጊያ ማመልከቻዎችን መመርመር ነበር። አብዛኞቹ ከተከፈቱ በኋላ ተመልሰው የሚዘጉ ከረጢቶች፣ ክዳኖችና ተለጣፊ መሸፈኛዎች ነበሩ። የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ፤ ነገር ግን ማመልከቻ ያላስገባችሁበትን ፈጠራ በዚህ የአባላት መድረክ ላይ አትግለጹ። የገጠማችሁን ችግር ንገሩኝ፣ መፍትሔውን ለራሳችሁ ያዙት። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ ተመልሶ የሚዘጋ ከረጢት ሐሳብ አለኝ። ፓተንት ያሰጠኛል?

መርማሪው፦ እንዲህ ለቀረበ ጥያቄ መልስ የለኝም። ተመልሶ መዘጋት ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ተጫኖ የሚዘጋው የፕላስቲክ ዚፕ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ ዚፕሎክ ገበያ የወጣው በ1968 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ቀደምት ዕውቀት፣ ማለትም ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ የታወቀው ሁሉ፣ ተራራ ያህላል። ያንተ ከረጢት ሌሎቹ ያልፈቱትን የትኛውን ችግር ይፈታል? እሱን ጽፈህ ተመለስ።

የማሽን ቴክኒሻኑ፦ የእኛ ማመልከቻ ለዱቄት ከረጢት ነበር። መርማሪው የፈሳሽ ዕቃ ክዳን ፓተንት ጠቅሶ ውድቅ አደረገብን። ዱቄትና ፈሳሽ ምን አገናኛቸው?

መርማሪው፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከግራሃምና ጆን ዲር ጉዳይ ጋር አብሮ የወሰነው የኩክ ኬሚካል ክርክር ነበር። ጉዳዩ የነፍሳት መርጫ ጠርሙስ ላይ የሚገጠም የመርጫ ራስና እሱን ወደ ታች ተጭኖ የሚይዝ ክዳን ነው። ዓላማው ጠርሙሱ በጉዞ ላይ እንዳያፈስ ነበር። ባለ መብቱ ከተጠቀሱበት ማስረጃዎች አንዱ የፈሳሽ መቅጃ አፍ ፓተንት ስለነበር፣ “ይህ ከእኛ ሙያ ውጭ ነው” ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የገጠመው ችግር የነፍሳት መድኃኒት ችግር ሳይሆን የመዝጊያ ሜካኒክስ ችግር ስለሆነ፣ መፍትሔ ፈላጊው ሰው ሌሎች መዝጊያዎችንም ማየት ይጠበቅበታል አለ።

ስለዚህ መርማሪ የሚጠይቀው “ውስጡ ምን አለ?” ብሎ አይደለም። “በሙያው የሰለጠነ ሰው ይህን ችግር ሲፈታ የት የት ይመለከታል?” ብሎ ነው። የእናንተ ችግር ዱቄት በዚፑ ቦይ ውስጥ ገብቶ መዝጋት መከልከሉ ከሆነ፣ ዱቄት መሆኑ ዋጋ አለው፤ የፈሳሽ ክዳን ያንን ችግር አያውቀውም። ችግሩ ከረጢቱ ሲወድቅ መከፈቱ ብቻ ከሆነ ግን መርማሪው ትክክል ነው። በማመልከቻው ውስጥ ፈጠራውን ያብራራችሁበትን መግለጫ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ስለ ዱቄቱ አንድ መስመር እንኳ ካልጻፋችሁበት አሁን ልትከራከሩበት አትችሉም።

ከዚያው ፍርድ ሌላም ትምህርት አለ። አመልካቹ ፓተንቱን ለማግኘት ሲል በምርመራው ወቅት የመብት ጥያቄውን፣ ማለትም ጥበቃው እስከ የት እንደሚደርስ የሚወስነውን ጽሑፍ፣ አጥብቦ ነበር። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ወደ ሰፊው መመለስ አልተፈቀደለትም። ለመርማሪ የጻፋችሁት ደብዳቤ ሁሉ ኋላ በእናንተው ላይ ይነበባል።

ንድፍ ሠሪዋ፦ እኔ በተንሸራታች የሚዘጋ ዚፕ ላይ እሠራለሁ። እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ሲመረምሩ መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው?

መርማሪው፦ የዚፑን ጫፍ። ሁልጊዜ ጫፉን አያለሁ። ተንሸራታቹ በሁለቱ ቅርጾች፣ ማለትም እርስ በርስ በሚጠላለፉት ሸንተረርና ቦይ፣ መካከል የሚገባ ጣት አለው፤ ዚፑን የሚከፍተው እሱ ነው። ተንሸራታቹ እስከ መጨረሻው ሄዶ ሲዘጋም ጣቱ ካልወጣ፣ በጫፉ ላይ ትንሽ ክፍተት ይቀራል። አየር የሚገባውና ፈሳሽ የሚወጣው በዚያ ነው። ይህን ለመፍታት የተጻፈው ፓተንት ብዙ ነው። አንዳንዶቹ ጫፉ ላይ ተንሸራታቹ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ጣቱ በተጠላለፉት ቅርጾች መካከል ሳይገባ ከላይ ያለውን ክንፍ ብቻ እየገፋ እንዲከፍት ያደርጋሉ።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልምጣ፤ አመልካቾች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። “ጫፉ ላይ የማያፈስ ተንሸራታች ዚፕ” ብሎ የሚጽፍ ሰው ምኞቱን ነው የጻፈው። ማንም የማያፈስ ዚፕ ይፈልጋል። መርማሪው እንዲህ ያለውን የመብት ጥያቄ ሲያይ፣ የማያፈስ ማንኛውም ዚፕ ስለሚያፈርሰው ፍለጋው ይቀልለታል። የሚያስፈልገው ማፍሰሱን የሚያስቀረውን አካል መጻፍ ነው፦ ጣቱ የት ይቆማል፣ ከየትኛው ግድግዳ ጋር ይነካካል፣ ሲዘጋ ሸንተረሩና ቦይው በጣቱ ስር ተገናኝተው ይቀራሉ ወይስ ይለያያሉ? ቀጥሎ በመግለጫው ውስጥ ያ አካል ያንን ውጤት እንዴት እንደሚያመጣ ማስረዳት ይገባል። አካሉና ውጤቱ በምክንያት ካልተያያዙ፣ ስለ ፈጠራዊ እርምጃ፣ ማለትም ፈጠራው ለሙያው ሰው ግልጽ ስላለመሆኑ፣ የሚቀርበው ክርክር ሁሉ አየር ላይ ይቀራል።

ተጫኖ የሚዘጋውም እንዲሁ ነው። ከውጭ ለእጅ በቀላሉ የሚከፈት፣ ከውስጥ ግን ይዘቱ ሲገፋው የሚጠብቅ ዚፕ ሁሉም ይፈልጋል። መልሱ ያለው መንጠቆዎቹ ሁለቱም እኩል ባለመሆናቸው፣ የውስጠኛው ከውጨኛው የበለጠ በመያዙ ነው። ይህም የታወቀ ነው። አዲስ ነገር ካላችሁ በመንጠቆው ማዕዘን፣ በግንዱ ውፍረት ወይም ክንፉ ከፊልሙ ጋር በተበየደበት ቦታ ላይ መታየት አለበት።

ንድፍ ሠሪዋ፦ በጣም አመሰግናለሁ። እንግዲህ የእኛው ላይ ጣቱ ሲደርስ በውስጠኛው በኩል ያደረግነው...

መርማሪው፦ እዚያ ላይ ይቁም! እባክሽን የጻፍሽውን አጥፊው። ከላይ ተናግሬአለሁ። በአውሮፓ የፓተንት ስምምነት መሠረት ራስሽ ለሕዝብ የገለጽሽው ነገር በራስሽ ማመልከቻ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። ያለው የ6 ወር ልዩ ሁኔታ አንድ ሰው በክፉ ፈቃድ ለገለጠብሽና ለጥቂት ዕውቅና ላላቸው ኤግዚቢሽኖች ብቻ ነው። አሜሪካ የ12 ወር ጊዜ ትሰጣለች፤ ነገር ግን በእሱ ተማምኖ የሚናገር ሰው በብዙ ሌሎች አገሮች መብቱን ሊያጣ ይችላል። መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ወሬ።

የፋብሪካ ኃላፊው፦ ናሙና ለደንበኛ በምስጢር ስምምነት ብንሰጥስ?

መርማሪው፦ በምስጢር መስጠትና መሸጥ ይለያያሉ። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሄልሲን ጉዳይ፣ ዝርዝሩ በምስጢር የተያዘ ሽያጭም አዲስነትን ሊያሳጣ እንደሚችል ወስኗል። ከመሸጣችሁ በፊት አስገቡ።

የፍለጋ ባለሙያው፦ ለአባላት ልጠቁም። ቀደምት ዕውቀት ስትፈልጉ ከፓተንት መመደቢያ ክፍሎች ቢ65ዲ 33/25ን ብቻ ብታዩ ይበቃል፤ የዚፕ ከረጢት በሙሉ እዚያ ነው።

የማሽን ቴክኒሻኑ፦ አይበቃም። እኛን ያፈረሰን ፓተንት በኤ44ቢ 19 ስር ነበር።

የፍለጋ ባለሙያው፦ ኤ44ቢ የልብስ ቁልፍና ዚፕ ነው። ለማሸጊያ ብዙም አይረባም።

የማሽን ቴክኒሻኑ፦ አይረባም ያሉት እኮ ነው ያፈረሰን።

የፍለጋ ባለሙያው፦ አንድ አጋጣሚ ሕግ አይሆንም። ሰው በማይመለከተው ክፍል ጊዜውን እንዲያባክን አንምከረው።

መርማሪው፦ ቴክኒሻኑ ትክክል ነው። ኤ44ቢ 19/16 በሙሉ ርዝመታቸው አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸውን መጠላለፊያዎች የሚይዝ ነው፤ የፕላስቲክ ከረጢት ዚፕ ማለት ደግሞ ይኸው ነው። እኔ በሁለቱም ነበር የምፈልገው። ተለጣፊ መሸፈኛ ላላቸው ጥቅሎች ቢ65ዲ 75/58ን ጨምሩ። ከረጢት ስለሚሠራው ማሽን ከሆነ ቢ31ቢንም ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የዚፑ ቅርጽ በማሽን ፓተንት ሥዕል ውስጥ ተስሎ ይገኛል፣ በጽሑፍ ባይነገርም። ሥዕልም ማስረጃ ነው። የፓተንት መፈለጊያዎቹ ኤስፓስኔትና ፓተንትስኮፕ ሁለቱም በነጻ ናቸው፤ ሳትፈልጉ ወደ እኔ አትምጡ።

የሕግ ተማሪዋ፦ መምህር፣ ምርቱ ገበያ ላይ በጣም መሸጡ ፈጠራዊ እርምጃ መኖሩን አያሳይም? ተፎካካሪዎች ከቀዱት ደግሞ የበለጠ ማስረጃ ይመስለኛል።

የፋብሪካ ኃላፊው፦ እንዴታ! ግልጽ የነበረ ነገር ከሆነ ለምን ቀድመው አልሠሩትም? ለምንስ ይቀዱታል?

የሕግ ተማሪዋ፦ እኔም የምለው እሱን ነው። ገበያው ከመርማሪው የተሻለ ምስክር ነው።

የማሽን ቴክኒሻኑ፦ ገበያ በማስታወቂያም ይሸጣል። ከረጢቱ ስላማረ የተሸጠ ሁሉ ፈጠራ ሊሆን ነው?

የፋብሪካ ኃላፊው፦ እንግዲያው ሠርተን ያተረፍንበት ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ፈጣሪን ለማበረታታት የወጣ ሕግ እንዲህ ከሆነ ማን ይደክማል?

የማሽን ቴክኒሻኑ፦ እኔ ዋጋ የለውም አላልኩም። ትርፉ ከየት እንደመጣ ይታይ ነው ያልኩት።

መርማሪው፦ ክርክሩ ከመንገዱ ወጥቷል፤ በተጨባጭ ጉዳይ እንነጋገር። በ2017 የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በኢንተርኮንቲኔንታል ግሬት ብራንድስና በኬሎግ መካከል የወሰነው ጉዳይ አለ። ፓተንቱ ስለ ብስኩት ጥቅል ነበር፦ ቅርጹን የሚጠብቅ ፍሬም በውስጡ፣ ከላይ ደግሞ ተልጦ ተመልሶ የሚለጠፍ መሸፈኛ። ባለ መብቱ የሽያጭ ስኬት፣ ከሙያው ሰዎች የተሰጠ አድናቆትና የመቅዳት ማስረጃ አቅርቧል። ይህ ቀላል ማስረጃ አልነበረም። ሆኖም ፍሬሙም ተመልሶ የሚለጠፈው መሸፈኛም ቀድሞ የታወቁ ስለነበሩና ሁለቱን ማጣመሩ ይጠበቅ ስለነበር ፓተንቱ ፈረሰ። አንድ ዳኛ በልዩነት ጽፏል፤ ለገበያ ማስረጃው የተሰጠው ክብደት አንሷል የሚል ነበር። ተማሪዋ ያንን ልዩነት ብታነቢው ይጠቅምሻል፤ እኔም ለእሱ አክብሮት አለኝ።

ነገር ግን ለአመልካች የምሰጠው ምክር አይለወጥም። ከ2007ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኬኤስአር ፍርድ ጀምሮ፣ የታወቁ ክፍሎች ተጣምረው የሚጠበቀውን ብቻ ሲሰጡ ማጣመሩ አያድናችሁም። የሚያድናችሁ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ አንዱ ብቻውን የማይሰጠው ነገር ሲገኝ ነው። ፍሬሙ ባይኖር ተለጣፊው የማይዘጋበት፣ ተለጣፊው ባይኖር ፍሬሙ የማይቆምበት ምክንያት ካላችሁ ጻፉት። አንዱ ጎን ለሌላው ተቀምጦ የየራሱን ሥራ የሚሠራ ከሆነ ግን ድምር ነው፤ ለድምር ፓተንት አይሰጥም። የሽያጭ ደረሰኝ ይህን አይለውጠውም።

የፋብሪካ ኃላፊው፦ አልተዋጠልኝም።

መርማሪው፦ ይሁን።

አባል፦ ፓተንት ወይስ የኢንዱስትሪ ንድፍ ይሻላል?

መርማሪው፦ ንድፍ መልክን ነው የሚጠብቀው። ቅርጹን የወሰነው አሠራሩ ብቻ ከሆነ የአውሮፓ ንድፍ አይጠብቀውም። ሁለቱንም ማስገባት ይቻላል፤ የቀዳሚነት ጊዜው፣ ማለትም የመጀመሪያውን ማመልከቻ ቀን ይዞ ሌላ ማመልከቻ ለማስገባት ያለው ጊዜ፣ ግን ለፓተንት 12 ወር፣ ለንድፍ 6 ወር መሆኑን አትርሳ።

አባል፦ አነስተኛ ፈጠራ የሚባለውስ?

መርማሪው፦ እንደ አገሩ ነው። ጀርመን ውስጥ አዲስነቱና ፈጠራነቱ ሳይመረመር ይመዘገባል፣ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ሳይመረመር የተመዘገበ መብት ክስ ሲነሳ ነው የሚመረመረው።

አባል፦ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው?

መርማሪው፦ ለፓተንት ወኪል የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

አባል፦ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ የተሠራና መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ዚፕ ከረጢት ለምርመራው የተሻለ ዕድል አለው?

መርማሪው፦ ለአካባቢ መልካም መሆኑ ለመርማሪ ክርክር አይሆንም። ዚፑንና ፊልሙን ከአንድ ዓይነት ማድረግ ብየዳውን አስቸግሮህ ያንን ችግር ከፈታህ ግን የምትናገረው ነገር አለህ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፦ የእኛን ተለጣፊ መሸፈኛ የመላጫ ኃይል፣ ማለትም ልጦ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ኃይል፣ በቁጥር ወስነን ነው የጻፍነው። መርማሪው ግልጽ አይደለም ብሎ መለሰው። ቁጥር ከዚህ በላይ ምን ግልጽነት አለው?

መርማሪው፦ ቁጥሩ ሳይሆን መለኪያው ነው የጎደለው። “3 ኒውተን” ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም። የናሙናው ስፋት 15 ሚሊሜትር ነው ወይስ 25? የተላጠው በ90 ዲግሪ ነው ወይስ በ180? በምን ፍጥነት? በስንት ሙቀት? ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ነው ወይስ ከብዙ መክፈትና መዝጋት በኋላ? ተመልሶ በሚዘጋ ማሸጊያ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ማጣበቂያው በየመክፈቱ ይደክማል፣ ብናኝም ይይዛል፤ ፈጠራው ካለ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በኋለኞቹ መክፈቻዎች ነው። እንደ ኤኤስቲኤም ኤፍ88 ያለ የታወቀ መመዘኛ ከተጠቀማችሁ ስሙንና የመረጣችሁትን አሠራር በመግለጫው ውስጥ አስፍሩ፤ መመዘኛው ራሱ ናሙናው የሚያዝበትን መንገድ ከአንድ በላይ አድርጎ ይፈቅዳልና።

አዲስ አባል፦ ተመልሻለሁ ጋሼ። ችግሩ ከረጢቶች ጥሩ አለመዘጋታቸው ነው። ፓተንት ያሰጠኛል?

መርማሪው፦ “ጥሩ አለመዘጋት” ችግር አይደለም፣ ቅሬታ ነው። የት ላይ ነው የማይዘጋው? ጫፉ ላይ? መሀሉ ላይ? እጥፋቱ ላይ? ለምን? የሚጠቀመው ሰው መዘጋቱን ስለማያውቅ ነው ወይስ ቦይው ስለሚሞላ? ከላይ ለንድፍ ሠሪዋ የጻፍኩትን አንብብና ለሦስተኛ ጊዜ ና፤ እጠብቅሃለሁ። መፍትሔውን ግን አትጻፍ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። እንግዲህ የመለኪያ ዘዴውን አሁን በማሻሻያ ብንጨምረው ይቀበሉናል?

መርማሪው፦ መጀመሪያ ባስገባችሁት ሰነድ ውስጥ ከሌለ አይቀበሉም። የአውሮፓ የፓተንት ስምምነት አንቀጽ 123 ንዑስ 2 ይህን በጥብቅ ይከለክላል፤ ሌሎች አገሮችም በየራሳቸው አነጋገር ይከለክላሉ። ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ። የሠንጠረዦቻችሁን ግርጌ፣ የምሳሌዎቹን ክፍልና የሥዕሎቹን ማብራሪያ መርምሩ፤ የናሙናው ስፋትና የመላጫው ማዕዘን እዚያ ተጽፎ ከተገኘ ወደ መብት ጥያቄው ማምጣት ይቻላል። ከሌለ ደግሞ የመጀመሪያው ማመልከቻ የገባበትን ቀን ተመልከቱ። 12 ወር ካልሞላውና ፈጠራውን ለማንም ካልገለጣችሁ፣ ዘዴውን የያዘ አዲስ ማመልከቻ አስገብታችሁ የበፊቱን ቀዳሚነት መጠየቅ ትችላላችሁ። ለተጨመረው ክፍል ግን የሚያዝላችሁ አዲሱ ቀን ነው። ቀኑ ስንት ሆኗል?

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፦ አሥራ አንደኛው ወር ላይ ነን።

መርማሪው፦ እንግዲያው ይህን ማንበብ ትተሽ ዛሬውኑ ወኪልሽ ጋር ደውይ።