ታሲተስን ጥቀሺው፣ ግን እንደኔ እንዳትቃጠዪ

እህቴ፣ «ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ስለ ክርስቲያኖች ስደት የጻፈው መነኮሳት ኋላ የጨመሩት ነው ይባላል፤ መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ልጥቀሰው ወይስ ልተወው?» ብለሻል። ጥቀሺው። እኔን አንድ ሴሚስተር ያስከፈለኝ ታሲተስ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

1. «ፊደል ተፍቋል» የሚለው ወሬ አያስደንግጥሽ። በ64 ሮም ስትቃጠል ንጉሥ ኔሮ ጥፋቱን በክርስቲያኖች ላይ እንዳላከከ የሚተርከው ክፍል የደረሰን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ነው፤ ፍሎረንስ ይገኛል። እውነት ነው፣ መጀመሪያ «ክሬስቲያኖስ» ተብሎ ተጽፎ «ሬ»ዋ ኋላ ወደ «ሪ» ተለውጣለች። የእኛን አገር ብራና ያገላበጠ ሰው ግን በፍቀት አይደነግጥም። እርማት ነው። ደግሞስ የገዛ እምነቱን «ጎጂ አጉል እምነት» ብሎ የሚሳደብ መነኩሴ የት አለ? ጽሑፉ የታሲተስ መሆኑና የተረከው ነገር በትክክል መድረሱ ግን ለየቅል ናቸው። የጻፈው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ይቺን ለይተሽ ጻፊ፣ ፈታኞች ይወዷታል።

2. ፕሊኒን ያዢ። በ112 አካባቢ የቢታንያና የጳንጦስ (የዛሬዋ ሰሜን ቱርክ) ሮማዊ ገዥ ሆኖ ክርስቲያኖችን ምን እንደሚያደርጋቸው ንጉሥ ትራያንን ይጠይቃል። ትራያንም እያሳደድክ አትፈልጋቸው፣ ስም የሌለው ክስም አትቀበል ይለዋል። የእነዚህ ደብዳቤዎች ጥንታዊ ብራና ጠፍቷል፤ ያለን የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኅትመት ነው። ግን ክርስቲያኑ ጸሐፊ ተርቱሊያን በ197 አካባቢ ደብዳቤውን ያውቀዋል። እኔም «ተርቱሊያን ከጠቀሰው በቃ እውነተኛ ነው» ብዬ ለራሴ ደንብ አወጣሁ።

ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ተርቱሊያን የሮሙን ንጉሥ የማርቆስ አውሬልዮስንም ደብዳቤ ይጠቅሳላ! በዳኑብ ጦርነት ሠራዊቱ በውኃ ጥም ሊያልቅ ሲል ክርስቲያን ወታደሮች ጸልየው ዝናብ ወረደ የሚለውን። ዝናቡ የፈጠራ ወሬ አይደለም፤ ሮም ባለው የንጉሡ ዓምድ ላይ ተቀርጿል። እጃችን ላይ ያለው ደብዳቤ ግን የተፈበረከ ነው። እኔ ደግሞ ምዕራፍ ሦስትን በሙሉ በእሱ ላይ ገነባሁት። አማካሪዬ ሦስት ጊዜ «እሺ ቀጥል» ብሎ መለሰልኝ። እንዳላነበበው የገባኝ ኋላ ነው።

ጽሑፌን ፈታኞች ፊት በምከላከልበት ቀን አንደኛው ፈታኝ መነጽሩን አውልቆ፣ «ንጉሡ እዚህ ላይ ክርስቲያን የከሰሰ ከነሕይወቱ ይቃጠል ይላል። በ177 ሊዮን (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ላይ ክርስቲያኖች የተገደሉት በማን ዘመን ነው?» አለኝ። በራሱ በማርቆስ ዘመን ነው። ላብ አጠመቀኝ። 18 ገጽ ገደል ገባ። ሬጅስትራር ያለችው ሴትዮ ደግሞ ፋይሌን እንኳ ሳትገልጥ «በሚቀጥለው ሴሚስተር ና» ብላ መስኮቷን ዘጋች።

በሁለተኛው ዙር ኤ ያስገኙልኝ የግብፅ ፓፒረሶች (ከደንገል የተሠሩ ጥንታዊ ወረቀቶች) ናቸው። ንጉሥ ዴክዮስ በ250 ሁሉም ለአማልክት ይሠዋ ብሎ ሲያዝ ሰዉ መሠዋቱን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ያወጣ ነበር። ከ40 በላይ ተገኝተዋል። መነኩሴ የገለበጣቸው አይደሉም፤ ራሳቸው ዋናዎቹ ናቸው። የአንዱ ወረቀት ባለቤት የ72 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ስሙ አውሬልዮስ ዲዮጋንስ። «ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው» ተብሎ ተጽፎለታል፣ ልክ እንደ መታወቂያ። ክርስቲያን ነበር ብለሽ እንዳትጽፊ ብቻ! የአዞ አምላክ ካህን የሆነች ሴት እንኳ ይህንኑ ወረቀት አውጥታለች።