ቅጠል አልባዋ ኦርኪድ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ዲዲሞፕሌክሲስ ፓሌንስ ስለተባለችው ትንሽ የመሬት ኦርኪድ ከቀረቡት ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ቅጠልም አረንጓዴ ቀለምም የሌላት ተክል እንዴት ትኖራለች? የበሰበሰ ቅጠል ትበላለች ማለት ነው?

መልስ፦ የቆዩ መጻሕፍት ከብስባሽ የምትመገብ ይሏታል፤ አባባሉ ግን ትክክል አይደለም። በጫካው ወለል ላይ የረገፈውን ቅጠልና እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ሲሆን፣ ክሎሮፊል ስለሌላት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት የማትችለው ኦርኪድ ደግሞ ከመሬት በታች ባለው አካሏ ውስጥ የገቡትን የፈንገስ ክሮች እየፈጨች ስኳሩንም ማዕድኑንም ከእነርሱ ትወስዳለች። ዘሮቿ እንደ ብናኝ የደቀቁና ስንቅ ያልያዙ በመሆናቸው፣ ለመብቀል እንኳ ተስማሚውን ፈንገስ ማግኘት አለባቸው። በእኔ አስተያየት ጥገኛ ብትባል ይገባታል፤ ጥገኝነቷ ግን በቀጥታ በፈንገሱ ላይ እንጂ በዛፉ ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ የት ትገኛለች? በአፍሪካስ አለች?

መልስ፦ ከሕንድ ክፍለ አህጉር አንሥቶ በደቡብ ምሥራቅ እስያ በኩል እስከ ሰሜን አውስትራሊያና እስከ አንዳንድ የፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ትበቅላለች። ለሳይንስ ያስተዋወቃት እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልያም ግሪፊት ሲሆን፣ ገለጻው እ.ኤ.አ. በ1844 ካልካታ ውስጥ ይታተም በነበረ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሔት ላይ ወጣ። እርሷ ራሷ አፍሪካ ውስጥ ባትኖርም፣ የዚያው ወገን ሌሎች ዝርያዎች በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ በቀርከሃ ሥር ከጣት ብዙም የማትበልጥ ሆና ያየኋት ተክል፣ አበባዋ ከረገፈ በኋላ በጣም ረዝማ አገኘኋት። ሌላ ዝርያ ትሆን?

መልስ፦ ያችው ናት። ነጣ ያሉት ደወል መሰል አበቦቿ በየተራ ይፈካሉ፤ እያንዳንዱም ዕድሜው አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። ርክበ ብናኝ ከተፈጸመ በኋላ ፍሬውን የሚሸከመው ቀጭን ዘንግ ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ነፋስ እምብዛም በማይደርስበት የጫካ ወለል ላይ የደቀቁትን ዘሮች ለመበተን ፍሬውን ከረገፈው ቅጠል በላይ ማንሣት ያስፈልጋልና፣ እድገቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ ቆፍሬ በአበባ መትከያ ላሳድጋት እችላለሁ?

መልስ፦ አይሞክሩት። ከፈንገሷና ፈንገሱ ከሚመገበው ብስባሽ የተለየች ኦርኪድ፣ ውኃና ማዳበሪያ ቢትረፈረፍላትም በረሃብ ትሞታለች። ከዚህም በላይ የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ ሳይትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባሪዎች ውስጥ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ከዱር የተነቀለ ተክል ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር በሕግ ያስጠይቃል።